«ቲቸር፣ አንተ ግን የማን ነህ?»

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር። ጎንደር ከተማ በአንድ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት 10ኛ ክፍል ስለ መቻቻል እያስተማርኩ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ‹ቲቸር፣ አንተ ግን የማን ነህ?› አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ‹የማንም አይደለሁም፤ የእናንተ መምህር ነኝ› ስል ሳቁብኝ። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ‹ካድሬው መጣ› ሲባባሉ ሰማሁ። ስታፍ ውስጥ ደግሞ ‹ልጆቹን የምታነሳሳቸው አንተ ነህ› ይሉኛል። እውነት ተማሪዎች የፖለቲካ አመለካከታቸውን የሚወስዱት ከእኛ ነው? ለልጁስ ምን ማለት ነበረብኝ?»

ወንድሜ፣ ከሳቁ ልጀምር። ከጥያቄው ይልቅ ያስከፋህ እሱ ይመስለኛል። ልጆቹ አልናቁህም። «የማንም አይደለሁም» የሚለውን መልስ ከአንተ በፊት ከርዕሰ መምህሩም፣ ከቀበሌ ሰውም፣ ከገዛ አጎታቸውም ሰምተውታል። እንዲህ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የአንዱ ወገን ሆኖ እንደሚገኝም ያውቃሉ። አንተ በቅንነት ያልከውን እነሱ የለመዱት ዘዴ አድርገው ሰሙት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታሪክና ሥነ ዜጋ አስተምሬ አሁን መምህራንን አሠለጥናለሁ። ስለ ተማሪና መምህር የፖለቲካ ዝንባሌ በተነሳ ቁጥር አንድ ስህተት ሲደጋገም አያለሁ፤ «የማን ነህ?» የሚለውን የአመለካከት ጥያቄ አድርጎ መውሰድ። ጥያቄው እኮ ከፓርቲ በፊት የነበረ ነው። በለሳ ወይም ደምቢያ ገጠር መንገደኛ ደጃፍ ሲደርስ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። ሰውየው የአባትህን ስም ሊያጠና አይደለም። ደም ያለብህ እንደሆነ፣ ደመኛህ ማን እንደሆነ፣ አንተን ማሳደር ከየትኛው ጎረቤት ጋር እንደሚያጣላው ለማወቅ ነው። መልሱን ሲያገኝ ወይ እግርህን ያጥብሃል ወይ መንገዱን በትህትና ያሳይሃል።

ያ ልጅ የጠየቀህም ይህንኑ ነው። «ምን ታስባለህ?» ማለቱ ሳይሆን «አንተ ፊት ብናገር ነገሩ የት ይደርሳል?» ማለቱ ነው። ጥያቄው የደኅንነት ነው፤ አንተ የመለስክለት ግን የማንነት ጥያቄ እንደቀረበልህ አድርገህ ነው። ስለዚህ አልተገናኛችሁም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ። ከእኛ ነው የሚወስዱት? ባጭሩ፣ ስታፍ ውስጥ የሚወራውን ያህል አይደለም። በጉዳዩ ላይ ከተሠሩት የቆዩ ጥናቶች በጣም የታወቀው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ኬንት ጄኒንግስና ሪቻርድ ኒሚ የጀመሩት ነው። ከ97 ትምህርት ቤቶች 1,669 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን፣ ወላጆቻቸውንም ጭምር ጠየቁ። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ፓርቲ በመጠኑ ይዘው ተገኙ፤ በሌላው የፖለቲካ አስተያየት ግን የልጅና የወላጅ መመሳሰል ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ሆነ። የሥነ ዜጋ ትምህርት ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ለውጥ አላመጣም ማለት ይቻላል። ትንሽ ለውጥ የታየው በጥቁር ተማሪዎች ላይ ነው፤ ትምህርቱ ለእነሱ ከዚያ በፊት ያልሰሙትን ነገር ይዞ ስለመጣ ነው ብለው ተረጎሙት። የዚያ አገር ውጤት ጎንደር ላይ እንዳለ አይለጠፍም። ቢሆንም መምህር ለ40 ደቂቃ ተናግሮ የልጅን ልብ ይገለብጣል የሚለው ፍርሃት፣ አስተዳደር ቢሮ ውስጥም ሆነ ወላጅ ስብሰባ ላይ፣ ከልክ ያለፈ ነው።

ታዲያ ከየት አመጡት? ያንን ልጅ ወስደህ አስላው። ዘንድሮ 16 ቢሆነው የተወለደው በ2002 ነው። በሐምሌ 2008 ጎንደር ስትናወጥ፣ ሐምሌ 5 ሌሊት በተኩስ ነቅታ ሐምሌ 24 ደግሞ ሕዝቡ አደባባይ ሲጎርፍ፣ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በትክክል አያስታውሰውም፤ እናቱ መስኮት ዘግታ አልጋ ሥር ግቡ ስትል ግን ያስታውሳል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ምሽት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሮኬት ሲወድቅ አሥር ዓመቱ ገደማ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ 13 ሞልቶታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራስህ አብረኸው ኖረኸዋል፤ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ በገጠር ያሉ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ከትምህርት ውጪ ሆኗል። ከክፍልህ ውስጥ ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ስንት እንዳለ ቁጠር። ካርል ማንሃይም የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ አንድን ትውልድ ትውልድ የሚያሰኘው ዕድሜ ሳይሆን በለጋነት አብሮ ያለፈበት ነገር ነው ብሎ ነበር። የ10ኛ ክፍል ተማሪህ የአንተን ንግግር የሚመዝነው በዚያ ሚዛን ነው። አንተ «መቻቻል» ብለህ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ እሱ አልጋ ሥር ያለውን ሌሊት ያስባል።

ቤተሰብም አለ፤ ግን የኛ ቤተሰብ ፖለቲካን የሚያወርሰው በመናገር ሳይሆን በዝምታ ነው። የዚህ ከተማ አያቶች የ1969ና የ1970ው የቀይ ሽብር ዘመን ልጆች ናቸው። በየካቲት 1966 መምህራን የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን የመንግሥት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ ያጨበጨቡ፣ በታኅሣሥ 1967 ወደ 60 ሺህ ከሚጠጋው ዘማች ጋር ከ11ኛና 12ኛ ክፍል ተነስተው ለእድገት በኅብረት ገጠር የወረዱ፣ ሲመለሱ በኢሕአፓነት የተፈለጉ። በደርጉ ሹም በሻለቃ መላኩ ተፈራ ዘመን ጎንደር ውስጥ ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ልጅ የቀበሩ እናቶች ነበሩ። የተቀበረበትን ያላወቁም ብዙ ናቸው። የእነዚያ እናቶች እንጉርጉሮ ዛሬም በቃል አለ። ከዚያ የተረፈ አያት ለልጅ ልጁ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ።» ይኼ ራሱ የፖለቲካ ትምህርት መሆኑን ልብ በል። ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው የማንን ወገን መያዝ እንዳለበት ሳይሆን ወገን መያዝ እንደሚያስገድል ነው። ከዚያ ስልኩን ይከፍትና ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የሚጮኸውን ያያል። ቤቱ ዝም ይላል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ መሐል ላይ ማንም የለም። መምህሩ መሐል ሊገኝ ይችል ነበር፤ ግን እኛም ታሪክ አለብን።

የኔን ልንገርህ። 2001 ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት (ስሙ ይቅር) ከእረፍት ሰዓት በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ስታፍ ውስጥ አስቀምጦኝ ሻይ አስመጣና ቅጽ አወጣ። የአባልነት ቅጽ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ገዢው ግንባር አባላቱን በሚሊዮን ማብዛት የያዘበት ጊዜ ነበር፤ መምህር ደግሞ ቀላል ነው፣ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ይገኛል። ምክትሉ አላስፈራራኝም። «የክረምት ማስተርስ ኮታ መጥቷል፤ እስከ ነገ ስም ማስተላለፍ አለብኝ» ብቻ አለኝ። ሻይው ሳይቀዘቅዝ ፈረምኩ። ስለ ሐሳብ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ፕሮግራሙ ምን እንደሚል አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም። ቤት ስገባ ለባለቤቴ «ዕድሉን አገኘሁ» አልኳት እንጂ «ፈረምኩ» አላልኳትም። እንግዲህ የመምህራን የፖለቲካ ዝንባሌ ሲባል አንድ ቀን የሚቆጥረው ሰው ቢመጣ እኔ «ደጋፊ» በሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ ነኝ። የደረጃ እድገት፣ ዝውውር፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ፣ በኋላ ደግሞ አምስት አምስት ሰው በአንድ መሪ ሥር የሚደራጅበት አንድ ለአምስት፤ የብዙ መምህር «አመለካከት» የተሠራው በእነዚህ ነው። ስታፍ ውስጥ «ልጆቹን የምታነሳሳው አንተ ነህ» የሚልህንም ሰው ከመፍረድህ በፊት ምን እንደፈረመ አስብ።

ተማሪዎቼ በሳምንቱ አወቁ። እንዴት እንዳወቁ አትጠይቀኝ፤ ጎንደር ነው። ከዚያ በኋላ ያወጡልኝ ስም «አሥራ አንዱ» ነበር፤ በጊዜው የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት እስከ እውቀትን መሻት አሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት፣ እኔም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማቸው ነበር። የአንተ «ካድሬው» ከዚያ ይሻላል።

ዋናው የሆነው ግን በ2007 ነው። የግንቦቱ ምርጫ ውጤት ወጥቶ የፓርላማው 547 መቀመጫ በሙሉ ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆኗል። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ ክለሳ ላይ ነን። ፊት ለፊት የምትቀመጥ፣ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መድብለ ፓርቲ ማለት ስንት ፓርቲ ነው?» ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፤ ወይም በደንብ ደብቃዋለች። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ትርጉም ዞሬ አነበብኩላት። «ከሁለት በላይ ፓርቲዎች ለሥልጣን የሚወዳደሩበት…» ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ሁሉም ጻፉት። የጠመኔው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ያን ቀን ከኔ የወሰዱት የፖለቲካ አቋም የለም፤ አቋም አልሰጠኋቸውማ። የወሰዱት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር ፊታቸው ቆሞ እንዳላወቀ ሲሆን ማየት። ይህን የምልህ ለጥያቄህ መልስ ስለሆነ ነው። ተማሪ የመምህሩን ወገን አይወርስም። የሚወርሰው መምህሩ ወገኑን፣ ፍርሃቱን፣ አለማወቁን እንዴት እንደሚይዘው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ መጠይቅ በትኜ ለማወቅ የሞከርኩበትም ጊዜ ነበር። ከአንድ እስከ አምስት የሚሞላ፣ ስም የማይጻፍበት። ወረቀቱን ሳድል አንዱ ልጅ ተነስቶ «ቲቸር፣ ሁላችንም በሰማያዊ እስክሪብቶ እንጻፍ?» አለ። ጥቁር የያዙት ሰማያዊ ተዋሱ። የእጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ ደግሞ ምልክቱን በነጥብ ብቻ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የሞሉት ቁጥር ምን ትርጉም አለው? ወረቀቶቹን አላሰላኋቸውም። ስለ ሰማያዊው እስክሪብቶ ግን እስካሁን እናገራለሁ፤ ከሁሉ የበለጠ የነገረኝ እሱ ነው። ስለዚህ «የትምህርት ቤታችን ተማሪ ይህን ያህሉ እንዲህ ያስባል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ እስክሪብቶውን አስታውስ።

ምልክት ፍለጋውም ያው ነው። ፀጉሩን ያሳደገ ልጅ ሁሉ የአንድ ወገን ነው ተብሎ በር ላይ ሲመለስ አይቻለሁ። አንዱን ጠርቼ ብጠይቀው የፀጉር ቤት ብር የለኝም አለኝ። ሚኒ ሚዲያ ላይ አንድ ዘፈን ሲለቀቅ ምክትሉ ከቢሮ ሮጦ ወጥቶ ገመድ የነቀለበትንም አስታውሳለሁ፤ ዘፈኑ የፍቅር ነበር። ነቀለው እንጂ ከዚያ በኋላ ያ ዘፈን ግቢው ውስጥ የፖለቲካ ሆነ፣ ሁሉም ያፏጨዋል።

ወደ መልሱ ልሂድ። ሕጉን በአጭሩ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 29 ደግሞ ማንም ሰው፣ አንተም ልጁም፣ የመሰለውን አመለካከት መያዝ እንደሚችል ይላል። ሁለቱ አይጋጩም። አመለካከቱ ያንተ ነው፣ ጠመኔው ያንተ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ መምረጥ በ18 ዓመት ነው፤ ባለፉት ዓመታት ትምህርት እየተቋረጠ ብዙ ልጅ ስለዘገየ ደግሞ 11ኛና 12ኛ ክፍል ውስጥ 19ና 20 የሞላው አለ። እነሱ መራጭ ናቸው። እንደ ሕፃን አታናግራቸው።

ጀርመኖች በዚህ ነገር ብዙ ተጣልተው እ.ኤ.አ. በ1976 ቦይተልስባኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰብስበው የተግባቡባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። መምህር ተማሪን በራሱ ሐሳብ አይጫነው። በማኅበረሰቡ አከራካሪ የሆነው ክፍል ውስጥም አከራካሪ ሆኖ ይቅረብ። ተማሪው የራሱን ሁኔታና ጥቅም መርምሮ መንቀሳቀስ ይቻለው። ሥልጠና ላይ ይህን ስናገር መምህራን ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ አንዱ እጁን አውጥቶ «ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛውን እዚህ ብሠራው ማን ያሳድረኛል?» ይላል። ልክ ነው። ያ ስምምነት የተሠራው ክፍል ውስጥ ክፉኛ የተከራከረ ልጅ ማታ ቤቱ እንደሚተኛ ለተረጋገጠበት አገር ነው። እኛ ጋ ሁለተኛው ነጥብ እንዳለ አይሠራም፤ ርቀት ያስፈልገዋል።

ርቀቱን ከየት ታመጣለህ? ከታሪክ። ጎንደር ላይ ደግሞ ከቴዎድሮስ የተሻለ የለም። ቋራ የተወለደ፣ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም የነገሠ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪህ የቤት ሰው ነው። በ1859 ጎንደርን ያቃጠለና አብያተ ክርስቲያኗን የዘረፈም እሱ ነው። ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ከተሰበሰበው የብራና መጽሐፍ ብዙው መቅደላ ደርሶ ከዚያ ከፊሉ ለንደን ገብቷል። ክፍል ገብተህ «ቴዎድሮስ ጀግና ነው ወይስ አይደለም?» ብትል በአንድ ድምፅ «ጀግና!» ይሉሃል፤ ትምህርቱም እዚያው ያልቃል። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ዕጣ እቆርጣለሁ። አንዱ ዕጣ «የጎንደር ደብተራ፣ 1859» ይላል። ሌላው «ደመወዝ የሚፈልግ ወታደር»። ሌላው «ወታደር ቤቱ የገባበት ገበሬ»። ሌላው «ጋፋት ላይ መድፍ የሚሠራ ፈረንጅ»። አንዱ «ራሱ ንጉሡ»። የደረሳቸውን ሆነው ይናገራሉ።

አንድ ጊዜ ደብተራ የደረሰው ልጅ፣ ዝምተኛ ነው፣ ተነስቶ «መጽሐፌን ወሰደብኝ» ብሎ ተቀመጠ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለው። ከኋላ አንዱ «ለአገር ነው የወሰደው!» አለ። ልጁ ሳይነሳ «እኔስ አገር አይደለሁም?» አለው። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ እንዳንተው ክፍል። ወታደሩ እጁን አወጣ፤ «እኔ ካልዘረፍኩ ማን ያበላኛል?» ገበሬዋ (ሴት ልጅ ነበረች) ሁለቱንም ሰደበቻቸው። ደወል ተደወለ፣ አልወጡም። የዛሬ ሰው ስም ማንም አልጠራም። ስለ ማን እንደሚወራ ግን ከስድሳው አንድም ያልገባው የለም። ሰሙ ቴዎድሮስ ነው፤ ወርቁን እያንዳንዱ ለራሱ ይዞት ሄደ። ቅኔ ያደገበት አገር ልጅ ይህን ማስተማር አያስፈልገውም፣ ቦታ መስጠት ብቻ ነው።

የዕጣው ጥቅም መዝናኛ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ እነግርሃለሁ። ነገ አንድ ሰው ልጁን «ትናንት ክፍል ውስጥ እንዲህ ብለሃል አሉ» ቢለው «ዕጣ ነው የደረሰኝ» ይላል። አለቀ። በፈቃደኝነት ወገን ያስመረጥከው ልጅ ግን ይህ መሸሸጊያ የለውም። ስለዚህ እጅ አስወጥተህ «የሚስማማ፣ የማይስማማ» አታድርግ። «ግራ የሚደግፍ፣ ቀኝ የሚቃወም» ብለህ ክፍሉን አትክፈል። ስልኮች ከቦርሳ አይውጡ፤ ክርክር የሚቀዳው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም፣ ለቲክቶክም ይሆናል፣ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ያጻፍካቸውን ወረቀት አርመህ መልስላቸው፣ ቤትህ አታከማች።

ለራስህ ደግሞ የዕለት ትምህርት ዕቅድህ ላይ የመጽሐፉን ምዕራፍና ገጽ ጽፈህ፣ ዕጣውንም እንደ ማስተማሪያ ዘዴ አስገብተህ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪው አስቀድሞ ይፈርምበት። ስታፍ ውስጥ «የምታነሳሳው አንተ ነህ» ሲባል ክርክር አትግጠም፤ የተፈረመበትን ዕቅድ አሳይ። ይህቺ ወረቀት ከብዙ ነገር ታድናለች። ሌላ አንድ ነገር፦ ፈተና ስታርም ስሙን እጠፍና አርም። የማን ወገን እንደሆነ የምትጠረጥረው ልጅ ላይ እጅህ ይከብዳል ወይም ይቀላል፤ እኔ ራሴ ላይ አይቼዋለሁ፣ በሁለቱም በኩል።

ልጁን ምን ልትለው ይገባ ነበር? እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ጥሩ ጥያቄ ነው። የማን እንደሆንኩ ብነግርህ ፈተና ላይ እኔን ደስ የሚያሰኘኝን ትጽፋለህ፤ ስለዚህ ሰኔ ድረስ አልነግርህም። እዚህ የምትናገረው ግን ከእኔ አፍ አይወጣም፣ ውጤትህ ላይም አይደርስም። የሌሎቹን ስድሳ አፍ ግን ላረጋግጥልህ አልችልም፣ ስለዚህ ስትናገር አስብ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለል። ብዙ መምህር «እዚህ ነፃ ናችሁ፣ የፈለጋችሁትን ተናገሩ» ይላል። ይህን ቃል መጠበቅ በአንተ እጅ አይደለም። ልጆቹም ያውቃሉ። የማትችለውን ሳትምል የምትችለውን ብቻ ቃል ስትገባ ነው «ይኼስ የሚያወራውን ያውቃል» የሚሉህ።

ደግሞ አንድ ቀን ከፖለቲካ ወሬ ያለፈ ነገር ይመጣብህ ይሆናል። አንዱ ተማሪ «ትምህርቱን ትቼ ውጊያ ልገባ ነው» ይልሃል፣ ወይም ጓደኛው ይነግርሃል። እዚህ ላይ ስለ ዓላማው አትከራከረው፣ በየትኛውም በኩል ይሁን። ክፍል ፊት አታንሳው፤ ወደ ቢሮም አትሩጥ። ብቻውን አግኘው፣ ቀጥሎ እናቱን ወይም ያሳደገችውን አክስት። የ16 ዓመት ልጅ በሐሳብ ብዛት ከቤት ሲወጣ ብዙ አላየሁም፤ ክፍያ ያጣ፣ ቤት የተጣላ፣ ወንድሙ የሞተበት፣ ትምህርቱ የማያዘልቀው የመሰለው ግን አይቻለሁ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ወጥቶ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን «ለምን እማራለን?» የሚለው ጥያቄ ክፍሎቻችን ውስጥ እንዴት እንደተሰማ ታስታውሳለህ። ስለ ክፍያው ወይም ስለ ወንድሙ ማውራት ትችላለህ፤ እሱ ላይ ቆይ።

ቅጽል ስሙ እስከ ሰኔ ይቆያል፤ አትታገለው። በሚቀጥለው ሳምንት ቴዎድሮስን ይዘህ ግባ። ዕጣዎቹን ቤትህ ቁረጣቸው፣ ክፍል ውስጥ አይሆንም። ሁሉም አንድ መጠን፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ አራት ጊዜ የታጠፉ ይሁኑ። አንዷ ትንሽ ብትተልቅ «እሷን ለእገሌ አስቦ ነው» ይባላል። ዕጣውን ደግሞ አንተ ሳትሆን ሞኒተሯ ታድላቸው።